ከጎጆ እስከ ሰርቪስ ቤት፤ የተማሪ ማደሪያ በዳሞት ከተሞች

የትምህርት ታሪካችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ በማን ዘመን እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ መረቀው፣ ስንት ክፍል እንደ ነበረውና ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ በየመዝገቡ ይገኛል። ተማሪው ማታ የት እንዳደረ፣ ምን በልቶ እንዳደረና የማደሪያውን ዋጋ ማን እንደ ከፈለለት ግን በየትኛውም መዝገብ ሰፍሮ አይታይም። እኛ መምህራንም ብንሆን ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። የማታው ደወል ሲደወል ተማሪው ከእጃችን ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ያለው ጊዜ የእናትና የአባት ነው ብለን እናልፋለን። በብዙዎቹ የገጠር ከተሞቻችን ግን ጊዜው የእናትና የአባት አልነበረም፤ የአከራይ ነበር።

ነገሩን ለመመርመር ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ከተሞች ናቸው። በአንድ ወገን የደጋ ዳሞት፣ የቋሪትና የሰከላ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በሌላው ወገን የወምበርማና የብር ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ገጠሮች ሁሉ ልጆች ወደ ሁለቱ ከተሞች ለትምህርት ሲጎርፉ ኖረዋል። ለእነዚህ ልጆች ማደሪያ የሰጣቸው የትምህርት ሚኒስቴር በጀት አይደለም። ማደሪያ የሰጣቸው የከተማ ሴቶች ጓሮ ነው፤ ያበላቸውም የገበሬ ስንቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት የጎጃም ተማሪ የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ቅኔ ቤት፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከጉባኤው ቦታ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከእንጨትና ከሣር ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የተዋትን ጎጆ ይወርሳል። ምግቡን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየመንደሩ ይለምናል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ኑሮው የተደላደለ ነበር ለማለት አይደለም። የውሻው ንክሻ፣ የቁንጫው፣ የተስቦው ነገር የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ማደሪያ ከትምህርት አይለይም ነበር። ተማሪን መመገብ የአካባቢው ምእመን ሁሉ ዕዳ ስለ ነበረ የአንድ ልጅ ትምህርት ወጪ በአንድ አባት ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም ነበር።

አስኳላ መጣና ልመናውን ነውር አደረገው፤ ጎጆውንም አስቀረው። በምትኩ ማደሪያ ያዘጋጀው ለጥቂቶች ብቻ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪዎችን የሚቀበሉ ነበሩ። የመምህራን ማሠልጠኛዎችም እንደዚሁ ሠልጣኞቻቸውን እያሳደሩና እየመገቡ ያስተምሩ ነበር። ከዚህ ውጭ ያለው የአውራጃና የወረዳ ትምህርት ቤት ልጁን ተቀብሎ አስተምሮ ማታ ወደ ውጭ የሚያሰናብት ነው። ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ለሆነ ልጅ ይህ ችግር አይሆንም። ከፈረስ ቤት ወይም ከቋሪት ለመጣ ልጅ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የጎጃም ገበሬ ልጁን ቤት ሲያከራይ የተሰማውን ለመረዳት የርስትን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የመሬት ይዞታን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ አገር ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ከዋናው አባት ድረስ ቆጥሮ የመሬት ድርሻ ይጠይቃል። ርስት ያለው ሰው ድርሻው ትንሽ ብትሆንም ባላገር ነው። በሌላው ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የሚኖረው ደግሞ ጢሰኛ ይባላል። ቃሉ ከጢስ የወጣ ነው፤ በሰው መሬት ላይ እሳት የሚያነድ፣ ጢሱን የሚያወጣ ማለት ነው። ጢሰኛ ብዙውን ጊዜ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪው ወይም ሌላ ርስት የሌለው ሰው ስለ ነበር በስሙ ውስጥ ንቀት ነበረበት። እንግዲህ የባለርስቱ ልጅ በዐሥራ አራት በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከተማ ወርዶ በማታውቀው ሴት ጓሮ ውስጥ ምድጃ ሠርቶ እሳት ሲያነድ፣ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ይንቀው የነበረው ዓይነት ኑሮ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ብዙ አባቶች «ልጄ ከዘመድ ቤት ተቀምጦ ይማራል» ይሉ የነበሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ተከራየ ማለት ይከብዳቸው ነበር።

ከተሞቹም ራሳቸው የቆዩ አይደሉም። ቡሬ ጥንታዊ ገበያ ነው፤ በጠላት ወረራ ዘመንም ትልቅ የኢጣልያ ጦር ሠፈር ነበረበት። ጦሩ ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫ ያፈገፈገው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ በአርበኞችና የእንግሊዝ መኮንን በነበረው በዊንጌት በሚመራው ጦር ግፊት ነው። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ቀድሞ ውጀት ትባል ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ከስደት ሲመለሱ በጎጃም በኩል አልፈው ስለ ገቡ የሰላም መንገድ ተብላ ይህንን ስም አገኘች። ከዚያ በኋላ መንገዱ፣ ወረዳ ግዛቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ አንድ በአንድ ተጨመሩ። ጠላና አረቄ የሚሸጡ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ሴቶችም ከገጠር እየመጡ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቤት ሠሩ። በጎጃም ገጠር ባል የሌላት ሴት ርስቷን ብትካፈል እንኳ የሚያርስላት ስለሚያስፈልጋት በከተማ መኖር ይሻላት ነበር። የተማሪው አከራይ ከእነዚህ ሴቶች መካከል ነው የወጣችው።

በዚያን ጊዜ ቤት ይከራዩ የነበሩት ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም። መምህሩም ተከራይ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚላኩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብዛኞቹ በእንዲህ ያሉ ከተሞች ክፍል ተከራይተው አስተምረዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት በአንድ ክፍል፣ ተማሪው በሚቀጥለው ክፍል የሚያድሩበት ግቢ ብዙ ነበር። ግድግዳው አንድ ጭቃ ስለ ሆነ ተማሪው ማታ መምህሩ የሚሰማውን ሬዲዮ ይሰማል፤ መምህሩም ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያጠና ይሰማል። ስለ ትምህርት ከባቢ በሥልጠና ላይ ብዙ ተነግሮናል፤ እንዲህ ያለውን ግቢ ግን ማንም አላነሣልንም።

ይህ ጸሐፊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንዲት የዳሞት ከተማ ሲያስተምር የተማሪዎቹን ኑሮ የተማረው ከመዝገብ ሳይሆን ከሳምንቱ ቀናት ነው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ግማሽ ልቡ መንገድ ላይ ነው። ከሦስትና ከአራት ሰዓት የእግር ጉዞ በኋላ ቤቱ ይደርሳል፤ ቅዳሜ አባቱን በእርሻ ይረዳል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ስንቁ እንጀራ ነው፤ እንደ አገሩ የጤፍ ወይም የዳጉሳ። በላዩ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጥቂት ቆሎና በሶ ይጨመርበታል። ሰኞና ማክሰኞ ተማሪው ይበላል። ረቡዕ እንጀራው መሻገት ይጀምራል፤ ሻጋታው እየተላጠ ይበላል። ብልህ እናት ያለችው ድርቆሽ ስለምትልክለት እስከ ዐርብ ይዘልቃል። ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ተማሪዎች ስም ስጽፍ መጀመሪያ ላይ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ አንድ ጎበዝ ልጅ ቀርቶ ወደ ማደሪያው ብሄድ ከመደቡ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። ታመህ ነው ብለው «አይደለም የኔታ፤ ስንቄ አልቆ ነው፤ ከተኛሁ አይርበኝም» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈተና በሐሙስ አድርጌ አላውቅም። ይህን ያህል ብቻ ነበር ማድረግ የቻልሁት።

ማደሪያው ራሱ እንዲህ ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራች የጭቃ ክፍል፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ወለሏ በእበት የተለቀለቀ፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ መደብ ያለባት ናት። በአንዲት ክፍል ሦስትም አራትም ልጆች ያድራሉ። ኩራዙ አንድ ስለ ሆነ ተራ ይዘው ያጠናሉ፤ የጋዙንም ዋጋ ያዋጣሉ። ውኃ ከምንጭ ወይም ከቦኖ ይቀዳል። ኪራዩ ሁልጊዜ በገንዘብ አይከፈልም ነበር። አንዳንዱ አባት በአህያ እንጨት ይልካል፤ አንዳንዱ በመኸር ጊዜ አንድ ቁና ጤፍ ይሰፍራል፤ ልጁም ለአከራይዋ ጠላው ሲጠመቅ ውኃ ይቀዳል። በዚህ ረገድ የየኔታ ጎጆ ልማድ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር ለማለት ይቻላል። ልጁ ሲታመም ሸማዋን ደርባ የምታስታምመው፣ ለአባቱ መልእክት የምትልከው አከራይዋ ናት። በአንጻሩ ደግሞ ማታ ጠላ የሚጠጣ ሰካራም በሚጮህበት ግቢ ውስጥ አልጀብራ ማጥናት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

የሴት ልጅ ነገር ከዚህ ይብሳል። ጠለፋ በተለመደበት አገር አባት ሴት ልጁን በማያውቀው ግቢ ብቻዋን ለማሳደር አይደፍርም። ስለዚህ ወይ ትምህርቷ ከአካባቢዋ ትምህርት ቤት መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ወይ ከዘመድ ቤት ተጠግታ እንደ ሠራተኛ እያገለገለች ትማራለች፤ ወይም ለሚማረው ወንድሟ እንጀራ ጋጋሪ ሆና አብራ ትላካለች። ይህ ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ወንድሙ ዘጠነኛ ክፍል ሲማር እኅቱ በዚያው ክፍል ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ዕድሜዋ ያልፋል። በትምህርት ቤታችን የሴቶች ቁጥር ለምን አነሰ እያልን ሪፖርት ስንጽፍ ምክንያቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እንደ ነበረ የጻፍን ጥቂቶች ነን።

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ይህን ኑሮ ከሁለት ወገን ነኩት። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በሕግ ፊት ባለርስትና ጢሰኛ የሚባል ልዩነት ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ቤቶች አስተዳደር ለቀበሌ ተሰጠ፤ ዝቅተኛው ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ።

ኪራይን በግማሽ መቀነስ በዓለም ላይ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1214 በኦክስፎርድ ከተማ ነዋሪዎችና በተማሪዎች መካከል በተነሣው ጠብ ምክንያት የሮማው ጳጳስ መልእክተኛ በሰጠው ፍርድ የከተማው ሰዎች ለዐሥር ዓመት ያህል ከተማሪዎች ማደሪያ ኪራይ ግማሹን እንዲተዉ ተወስኖባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1231 ደግሞ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የማደሪያ ኪራይን መጠን የመወሰን መብት ከጳጳሱ ተሰጥቶታል። በእነዚያ አገሮች የኪራይ ሕግ የወጣው ከተማሪው ተነሥቶ ነው። የእኛ አዋጅ ግን የተነሣው ከአዲስ አበባ ባለሀብቶች ነው። ብዙ ቤት ያከራይ የነበረውን መኳንንት ለመንካት የተዘረጋው መረብ በሌላ ጫፉ በጓሮዋ ሦስት የጭቃ ክፍል የነበራትን ጠላ ሻጭ ያዘ። በአዋጁ ቃል ሁለቱም ባለ ትርፍ ቤቶች ነበሩ። የአዋጁን ፍትሐዊነት የሚክድ ሰው አይደለሁም፤ በትልልቆቹ ከተሞች የደሀውን ሸክም አቅልሏል። የገጠሩን ተማሪ ግን ማን አሰበው? የቀበሌ ቤት የሚሰጠው ለተመዘገበ ነዋሪ ነው። ለዘጠኝ ወር መጥቶ ለክረምት ወደ አባቱ ቤት የሚመለስ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ በምን ተመዝግቦ ቤት ያገኛል?

ስለዚህ ሕጉ የማያውቀው ነገር በሌላ ስም ቀጠለ። ተማሪው ዘመድ ሆነ። ይህ ጸሐፊ ከሚያውቃቸው አከራዮች አንዷ ለእናቷ አንድ ልጅ ብቻ ሳለች ሰባት የእኅት ልጆች ነበሯት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰውየው ደግ ስለ ነበረ፣ ምናልባትም የእርሱም ልጅ ሌላ ከተማ በእንዲህ ያለ «አክስት» ቤት ስለሚማር፣ ከቁጥር አላገባውም። ችግሩ የነበረው ክርክር ሲነሣ ነው። ልጁ በሌሊት ቢባረር የሚሄድበት ዳኛ አልነበረም፤ አከራይዋም ኪራይ ቢቀርባት የምትከስበት ሕግ አልነበራትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ የደነገጋቸው አንቀጾች በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ለእንዲህ ላለው ስውር ኪራይ ግን አይደርሱለትም ነበር።

በ1979 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 292 ደባል ማስገባትን ፈቀደ። ደባል የሚለው ቃል በሰው አፍ ቀድሞም ነበረ፤ ሕጉ ዘግይቶ ደረሰበት። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ ከዚያም መንግሥት ሲለወጥ ቤት ማከራየት ዳግመኛ በግልጽ የሚሠራ ሥራ ሆነ፤ «የእኅት ልጅ» የሚለውም ስም ቀስ በቀስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ፈጣን ነው። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ፍኖተ ሰላም 26 ሺሕ ያህል፣ ቡሬም ከ20 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ነበራቸው። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተከፈተ፤ በቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተቋቋመ። ዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ይሰጣል። የመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኝ ግን እንደ ቀድሞው ማሠልጠኛ በአዳሪነት የሚኖር ሳይሆን በአብዛኛው በከተማው ውስጥ ተከራይቶ የሚማር ነው። የነገው መምህር አስተማሪነትን የሚጀምረው በተከራይነት ነው ማለት ነው። የጓሮዋም ክፍል ስሟ ተለውጦ ሰርቪስ ቤት ተባለች፤ ወለሏ ሲሚንቶ ሆነ፣ አንድ አምፖልም ገባላት። ምጣድ በመብራት ማሞቅ ግን በብዙ ግቢ ክልክል ነው። በ1970ዎቹ የጋዝ መዋጮ የነበረው ጭቅጭቅ ዛሬ የቆጣሪ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሠራተኛና ነጋዴ ወደ ከተማይቱ ሲስብ፣ ተማሪው ለአንዲት ክፍል ደመወዝ ካለው ሰው ጋር መፎካከር ግድ ሆነበት።

ስለ ኪራዩ መጠን ብዙ ይነገራል። በእኔ ግምት ግን ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው ወቅቱ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ገንዘብ የሚያየው በቆሎው ተሸልቅቆ፣ በርበሬው ደርቆ፣ ጤፉ ተወቅቶ ለገበያ ሲደርስ፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ኮሌጅና ትምህርት ቤት የሚከፈተው ክረምቱ ሲወጣ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ ገበሬው እሸት በሚጠብቅበት ወቅት ነው። አከራይ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ የምትጠይቀው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አባት በግ ይሸጣል፤ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፉን በቁሙ ይሸጣል፤ ሁለቱም የሌለው ሰው ገና ያልደረሰ በርበሬውን ለነጋዴ በርካሽ ይዋዋላል። አንድ ዓይነት ኪራይ በጥር ቢከፈል የአንድ ኩንታል ዋጋ የማይሞላው፣ በመስከረም ሲከፈል የሁለት ኩንታል ጉዳት ያስከትላል። የትምህርት ዘመን አቆጣጠራችንን ስንወስን ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራይና ተከራይን በአንድ መዝገብ ፊት ማቆሙ ከ1967ቱ ወዲህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ዋና ዓይኑ አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ደግሞም የሁለት ዓመት ውል ለቤተሰብ የሚመች ነገር ሲሆን ለዐሥር ወር መጥቶ በሰኔ ለሚሄድ ተማሪ ምን እንደሚጠቅመው ግልጽ አይደለም። በተማሪ ከተማ የኪራይ ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው፤ የሚያልቀውም የመጨረሻው ፈተና በተሰጠ ማግሥት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፤ አከራይዋም የሁለቱን ወር ኪሣራ በሌሎቹ ዐሥር ወሮች ላይ ትጨምረዋለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግን ክፍሎቹ ባዶ የሆኑት በክረምት ብቻ አይደለም። በክልሉ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ ቁስለኞችም የከተማውን ሆስፒታል ሞልተውት ነበር። ከገጠር ስንቅ ይዞ የሚመጣበት መንገድ ሲዘጋ ስንቁም ተማሪውም በያሉበት ይቀራሉ።

በዚያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አከራይ፣ በወጣትነቴ የማውቃቸው፣ በስልክ ሲያጫውቱኝ ከሦስቱ ክፍሎቻቸው በአንዱ ተከራይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ለዓውደ ዓመት ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ እንዳልተመለሱ ነገሩኝ። ለሌላ ሰው ለምን አላከራዩትም ብዬ ጠየቅኋቸው። ደብተራቸውና አንድ አገልግል ድርቆሽ ከመደቡ ላይ እንዳለ ነው አሉኝ፤ ቁልፉንም ከመቀነታቸው አልፈቱትም።